ካርታ ያወረደ ምክንያቱን ይናገር

ባዴክ፣ ኬፕ ብሬተን
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኤፊ ማክፌል፣ ቫንኩቨር፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሐይቁ እንደ ጉልበቴ ሆኗል፤ ጠዋት ይቆጣል፣ ረፋድ ላይ ይረጋል። ከዚህ ሌላ ስለ ጤናዬ የሚጻፍ የለም።

ደብዳቤሽን ሳላነብ ምድጃ ውስጥ እጨምረው እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አልጨመርኩትም። ላቲንና ሒሳብ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ የተማሪ ወረቀት ሳላነብ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም፤ በእጄ ባደገች ልጅ አልጀምረውም። ሆኖም የያዝሽውን ሥራ በስሙ ልጥራው። ቁማር ነው። በኮምፒውተር መስኮት ስለገባ ስሙ አይለወጥለትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሙርዲና፣ ያቺ ፖስታ ቤቱን የምትጠብቀው ጎረቤታችን፣ በሽማግሌዎቹ ፊት «ቶርኩል፣ ለመሆኑ ኤፊ ምን እየሠራች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከቁጥር ጋር የተያያዘ ሥራ» አልኳት። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበርና አልወደድኩትም።

ስለዚህ ፈቃዴን ልንገርሽ። በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ታርቢሽ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ስንጫወት የነበረውን ሕግ አልረሳሽውም። ዙሩ ሲያልቅ ካርታዎቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ካርታ ያወረደ ሁሉ ያንን ለምን እንዳወረደ ይናገራል። «እንዲሁ መሰለኝ» ያለ ሰው ቀጣዩን ዙር ቆሞ ያያል። በልጅነትሽ ቆመሽ ስታለቅሺ አስታውሳለሁ። ካደግሽ በኋላ የቆምሽበትን ቀን ግን አላስታውስም።

በዚያው ሕግ ጻፊልኝ። የምትጫወቺው በዕድል ነው ወይስ በዕውቀት? በዕውቀት ከሆነ ዕውቀቱ በምን ይጨምራል? የምትወስጂውስ ከማን ነው? ምክንያት ካለሽ አነብባለሁ። ከሌለሽ ስለ ዝናባችሁ ጻፊ፤ እሱም ይበቃኛል። ስልክ አትደውዪ፤ በዚህ ቤት ስልክ ለሞትና ለእሳት ብቻ ነው።

አጎትሽ
ቶርኩል ማክፌል


ቫንኩቨር
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ ዝናብ እየመታኝ አነበብኩት፤ የወረቀቱ ጥግ ረጥቧል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕጉን መርሳት ይቅርና የምኖረው በእሱ ነው። ይህንን ልነግርዎ ብዕር አንሥቼ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ዕድል የጠየቁኝን ልመልስ። ዛሬ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ዕድል ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጥሩ ተጫዋች ከላይ፣ መጥፎው ከታች ሆነው ይገኛሉ። አስቸጋሪው መካከሉ ነው፤ በትክክል ተጫውቼ ለሳምንታት እሸነፋለሁ፣ ያን ጊዜ ትክክል እንደነበርኩ የሚነግረኝ ማንም የለም።

ዕውቀቱ የሚጨምረው እንዲህ ነው። ጠዋት ተነሥቼ የትናንቱን ጨዋታ እዘረጋለሁ፤ ያሸነፍኩበትን ሳይሆን ያመነታሁበትን። ለየትኛውም ዓይነት እጅ፣ ማለት ለተያዘ ካርታ፣ የተመዛዘነውን መልስ አስልቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ብዙው ተጫዋች መልሱን ይሸመድዳል። እኔ ግን መልሱን በወረቀት ሸፍኜ አስቀድሜ የራሴን እጽፋለሁ፤ ከዚያ እገልጠዋለሁ፤ ከተለያየን ለምን እንደተለያየን ሳይገባኝ ወደ ሌላ አልሻገርም። እርስዎ የላቲኑን ትርጉም ቀድመን እንዳናይ የመማሪያውን የመጨረሻ ገጾች በክር ሰፍተው ይሰጡን አልነበር? ያንን ክር እስከ ዛሬ ድረስ ራሴ እየሰፋሁት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በምጫወተው በፖከር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ የሁሉም ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። ከሁሉም መርጦ የተሻለውን አምስት ያጣመረ ያሸንፋል። ማክሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ባለ ልብ ካርታዎች ወጡ። በእጁ ሁለት ባለ ልብ የያዘ ሰው አምስት ሞላለት ማለት ነው፤ ብርቱ እጅ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ባለ ልብ ነው፤ እሱ ግን የልቦች ሁሉ የበላይ፣ አሱ ነበር። ስለዚህ እጄ ባዶ ነው። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ ብቻ የማውቀው አንድ እውነት አለ፤ ታላቁ ባለ ልብ እጅ በማንም ዘንድ ሊኖር አይችልም፣ አሱ እኔ ጋ ነዋ። ብዙ አስያዝኩ። ሰውዬው ቆየ፣ ቆየ፣ ተሸነፍኩ ብሎ ካርታውን ጣለ። አጎቴ፣ የተሰማኝን ደስታ የማሸነፍ ደስታ አድርገው አያንብቡት። ረጅም የላቲን ዓረፍተ ነገር ስንፈታ ግሡ መጨረሻ ላይ መጥቶ የቀረው ሁሉ በአንዴ ሲበራልን የሚሰማን ነበር። በየቀኑ ያ ይሰማኛል። ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ እሱ ነው።

ከማን እንደምወስድ ለጠየቁኝ፤ አብዛኛው እንደኔ ሥራዬ ብሎ ከያዘው ነው። ሌላም አለ። ሰክሮ የሚጫወት ሰው መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ከጠረጴዛው እነሣለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይታወቅም። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አብሮኝ የሚያጠናው ጉርቪር ጨዋታው በቅርቡ ያበቃለታል ባይ ነው። «ኤፊ፣ እኛ እኮ የጋሪ ነጂዎች ነን፤ መኪናው ከኋላችን ጡሩምባ እየነፋ ነው፣ አንቺ ደግሞ ፈረሱን ታበጥሪያለሽ» ይለኛል። እውነት አለው። ያንን ፕሮግራም ለጥናት ሳይሆን በጨዋታው መካከል ከፍተው መልስ የሚቀዱ ሰዎች በዝተዋል፤ ጨዋታውን የሚያካሂዱት ድርጅቶችም እያደኑ ይይዟቸዋል። እኔ ግን ጨዋታው አይሞትም እላለሁ፤ ሰው ሰውን ወደሚያይበት ጠረጴዛ ይመለሳል። እነሆ ማስረጃው፤ በበጋው በኢንተርኔት የተደረገውን ማጣሪያ ሁሉ አልፌ በኖቬምበር ሞንትሪያል ላይ ፊት ለፊት በሚደረገው ፍጻሜ ወንበር አግኝቻለሁ። ዘጠኝ ወንበር ነው ያለው፤ ከዘጠኙ በአንዱ ላይ ማክፌል የሚል ስም ይጻፋል። ቢቆጡም እንኳ ትንሽ ደስ ይበልዎ።

ወዳጅዎና ልጅዎ
ኤፊ


ባዴክ
ኦክቶበር 4 ቀን 2024

ይድረስ ለኤፊ ማክፌል፤

ደብዳቤሽም፣ ተከትሎት የመጣው ፖስት ካርድም ደርሶኛል። በካርዱ ላይ «ምሳሌውን ምን አሉት?» ብለሻል። እነሆ ያልኩት።

ምሳሌሽን ሳያዩ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ስለሆነ በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ፈተንኩት። ሁለተኛ ሰው ያስፈልግ ነበርና ሙርዲናን ጠራሁ፤ በገንዘብ ፈንታ ቁልፍ አስያዝን፣ ያረጀ ካፖርቴን ቁልፍ።

«ቶርኩል ማክፌል ቁማር ሲጫወት አየሁት ብዬ ለቄሱ ልንገር?» አለች።

«ለትምህርት ነው» አልኳት።

«አሃ፣ ለትምህርት። እንግዲያው ያስተማርኩበትን ቁልፍ ወዲህ በላ።»

ካፖርቱ አሁን አይዘጋም። ራት አብራን በላች፤ እኔና እኅቴ የማዕዱን ጸሎት በልባችን ስናደርስ እሷ እንደ ልማዷ ቀድማ ጀመረች። «እናንተ ማክፌሎች» አለች፣ «ዝም ብላችሁ ትቆዩና ሳትተያዩ ማንኪያችሁን በአንድ ጊዜ ታነሣላችሁ። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።» ይህን የጻፍኩልሽ ሰላምታ ብላ ስለላከችሽ ነው።

ወደ ምሳሌሽ ልመለስ። ባዶ እጅን ሙሉ አስመስሎ ማስያዝ ውሸት ነውን? ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሁለቱ ሰዎች ሊደባበቁ ተስማምተው ከተቀመጡ ውሸት አይባልም፤ ውሸት የሚሆነው ያልተስማማውን ሲያታልሉት ነው። እንግዲያው ያ የሰከረው ሰው አልተስማማም። ስለ እሱ የሰጠሽው መልስ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ማርክ ሰጥቼሻለሁ።

ቀጥሎ ግን አንድ ጉድለት አገኘሁ። አሱን ብቻ በያዝሽ ቁጥር እንዲህ የምታደርጊ ከሆነ፣ ተቃራኒሽ ጥቂት ከቆየ በኋላ ያውቅብሻልና ብልሃትሽ ወጥመድሽ ይሆናል። ስለዚህ አንዳንዴ አድርገሽ አንዳንዴ መተው አለብሽ። ስንት ጊዜ አድርገሽ ስንት ጊዜ ትተዪዋለሽ? ይህ የሚሰላ ነገር ይመስለኛል። በእርሳስ ጀምሬው ነበር፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ተገኘ። መልሱን አትላኪልኝ። ራሴ እደርስበታለሁ፤ ስደርስ ገልጬ አያለሁ።

ይህንን በመጻፌ ሥራሽን የባረክሁ አይምሰልሽ።

አንድ ነገር ቀረ። በፖስት ካርዱ ላይ ከስምሽ በላይ ያለውን መስመር ሰርዘሽዋል። የተሰረዘ ጽሑፍ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ይነበባል። አላዞርኩትም። ራስሽ ንገሪኝ።

ቶርኩል


ቫንኩቨር
ኦክቶበር 13 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ፤

ስንት ጊዜ ተደርጎ ስንት ጊዜ ይተዋል ብለው መጠየቅዎን ሳነብ ወንበሬን ለቅቄ ተነሣሁ። እዚያ ጥያቄ ላይ ለመድረስ እኔ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። ለጉርቪር ሳነብለት «ሽማግሌውን ሞንትሪያል ይላኩልን፤ አንቺ ባዴክ ሄደሽ ላም እለቢ» አለ። ላም እንደሌለን ነገርኩት። «እንግዲያው ቁልፍ ትሰፊያለሽ» አለኝ።

አሁን የሰረዝኩትን ልጻፍ። ቀድሜ ስላልነገርኩዎ ይቅር ይበሉኝ፤ በራሱ ይፈታ ይሆናል ብዬ ነበር።

የምጫወትበት ድርጅት ሒሳቤን ዘግቶታል። ወንጀሌ ተብሎ የተጻፈልኝ በጨዋታ መካከል ከማሽን መልስ መቅዳት ነው። ማስረጃቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ሰው ቀላሉን ነገር ቶሎ፣ ከባዱን ቆይቶ ይመልሳል። የኔ ውሳኔዎች ግን ቀላሉም ከባዱም፣ ክፉውም ደጉም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚወስዱት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እንዲህ እኩል የሆነ ሰው አይተን አናውቅም» ይላል ጽሑፋቸው። ማሽን ከፊቷ አለ፣ የሚያዛትን እየጠበቀች ትነካለች ማለታቸው ነው።

ከፍጻሜው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሞንትሪያል ላይ መርማሪዎች ይሰሙኛል። መርማሪዋ ኦዴት ላፍራምቦዝ የሚባሉ ናቸው፤ ደብዳቤያቸው ጨዋ ነው፣ ግን ፊት አይሰጥም። ካላመኑኝ ወንበሩን አጣለሁ፤ እሱ ይሁን። ነገር ግን ስሜ ድርጅቶቹ ሁሉ በሚጋሩት የአጭበርባሪዎች መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ማንም ከፍቶ ያየዋል፤ አይፋቅም። ኤፊ ማክፌል፣ ሌባ።

አላጭበረበርኩም። እኩልነቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን ልጽፈው አልችልም። እባክዎ አይጠይቁኝ።

ልጅዎ
ኤፊ


ባዴክ
ኦክቶበር 20 ቀን 2024

ይድረስ ለኤፊ ማክፌል፤

አላጭበረበርኩም ካልሽ አላጭበረበርሽም። በዚህ ላይ ሁለተኛ አንነጋገርም።

ችኮላሽም ሆነ ማመንታትሽ ምስጢርሽን እንዳያወጣ እጅሽን ግዢ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ልጅ የተማረችውን አክብራ ብትገኝ ማሽን ናት የሚሏት ሰዎች፣ በሕይወታቸው የተገራ ሰው አላጋጠማቸውም። ሙርዲና ነገሩን ስትሰማ «ቶርኩልን ሳያዩ ነው እንጂ ፋብሪካውን ይዘጉት ነበር» አለች። አልሳቅሁም።

አትጠይቁኝ ያልሽውን ግን እጠይቅሻለሁ። የቤታችን ሕግ አንቺ ስትፈልጊ የሚቆም፣ ሳትፈልጊ የሚነሣ አይደለም። ካርታውን አውርደሻል፤ ምክንያቱን ተናገሪ። እጅሽን የምትገዢው በምንድን ነው? ትቆጥሪያለሽ? ቁጥር ከሆነ ምን የሚያሳፍር አለው? ቁጥር ካልሆነ ምንድን ነው?

በሚቀጥለው ፖስታ እጠብቃለሁ።

ቶርኩል


ቫንኩቨር
ኦክቶበር 28 ቀን 2024

ለአጎቴ፤

የማዕዱ ጸሎት ነው።

ይህን መስመር ጽፌ ወጥቼ ተመለስኩ። አሁን የቀረውን እጽፋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተጫዋች በጨዋታው መካከል እየጻፈ ይሰድበኝ ነበር። «አያቴ ከአንቺ ይሻላሉ፤ እሳቸውም ሞተዋል» ይለኛል። ተናደድኩ፣ ተቻኮልኩ፣ በማይረባ ካርታ ሁሉን አስያዝኩ፣ ጠፋ። በማግሥቱ ስቀመጥ እጄን የሚይዝልኝ ነገር ፈለግሁ። ቁጥር ሞከርኩ፤ ስናደድ ቁጥሩም ይሮጣል። ከዚያ ሳላስበው ቅድመ አያታችን ከስኮትላንዱ ስካይ ደሴት ሲመጡ ይዘውት የመጡት ያ በጌይሊክ ቋንቋ የሆነ ጸሎት በልቤ ጀመረ። እሱ አይሮጥም። ርቦኝ፣ ሾርባው ሸትቶኝ፣ እርስዎ ከጠረጴዛው ራስ ሆነው እያዩኝ እንኳ ሮጦ አያውቅም። ስጨርሰው ልቤ ተረጋግቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታ ባየሁ ቁጥር አደርሰዋለሁ፤ ሲያልቅ እወስናለሁ። ማንኪያዬን እንደማነሣበት።

ለእንጀራ የተሰጠውን ቃል ቁማር ላይ እንዳዋልኩት አውቃለሁ። ያልጻፍኩልዎ ለዚህ ነው። ከመርማሪዎቹ ይልቅ የፈራሁት ይህቺን ደብዳቤ ነበር።

ጉርቪር «እቆጥራለሁ በያቸው፣ ማን ያውቃል? ጸሎት ብትያቸው ይስቁብሻል» ብሎኛል። ማንም አያውቅም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ ባሸንፍ፣ ነሽ ብለው የከሰሱኝን ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ቢስቁም ይሳቁ። ይምጡልኝ ብዬ አልጠይቅዎትም። ያንን ጸሎት በዓለም ላይ የሚያውቁት ግን እርስዎ፣ አክስቴና እኔ ብቻ ነን።

ኤፊ


ባዴክ
ኖቬምበር 5 ቀን 2024

ይድረስ ለኤፊ ማክፌል፤

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሦስት መልስ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

ያ ጸሎት ስለተሰጠን ነገር የሚቀርብ ምስጋና ነው። ከሰው ለምትወስጂው ነገር ልታቀርቢው አይገባም። ይህንን ከእኔ ሳይሆን ከጸሎቱ ከራሱ ልታውቂው ይገባሽ ነበር፤ ታውቂዋለሽም፣ ባታውቂው ኖሮ አትደብቂኝም ነበር። ከምርመራው በኋላ ዳግመኛ ካርታ ላይ አታድርጊው። እስከዚያ ድረስ ግን አመልሽን አትለውጪ፤ የተለወጠ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ወቀሳዬ እዚህ ያበቃል።

ውሸት ቀርቦልሽ፣ ቀላል ሆኖ፣ የሚያውቅብሽ ሳይኖር፣ አልፈልግም ብለሻል። አንቺ በማታውቂያቸው ሰዎች ፊት እውነቱን ልትናገሪ ስትነሺ እኔ በሐይቅ ዳር ተቀምጬ ዝም ልል አልችልም። ሙርዲና በመኪናዋ እስከ ትሩሮ ታደርሰኛለች፤ ከዚያ በባቡር ነኝ። ጣቢያ ድረስ አትምጪ፤ በካርታ መንገድ ማንበብ እችላለሁ። ካፖርቴ አይዘጋምና ሹራብ ደርቤያለሁ።

ስለ ሆቴል፣ ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላ አልመርጥም። ለእራት ብትጋብዢኝ ለጊዜው አልቀበልም። ከሚመረመር ሰው ጋር ምስክር አይበላም።

ያ የጀመርኩት ስሌት አልቋል። ከፕሮግራምሽ መልስ ጋር ሞንትሪያል ላይ እናስተያየዋለን።

ቶርኩል


ሞንትሪያል
ኖቬምበር 27 ቀን 2024

ለተከበሩ አጎቴ፤

እርስዎ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ምን እንደተባለ ጠይቀውኛል። ሙርዲናም በስልክ ደውላ (ሞትም እሳትም የለም፣ አይደንግጡ) «አጎትሽ ተመልሶ መጥቶ የተናገረው ነገር ዳቦው ጥሩ ነበር የሚል ብቻ ነው፤ ሁሉን ጽፈሽ ላኪ፣ ያንብብልኝ» ብላኛለች። ስለዚህ የሚያውቁትንም ጭምር እጽፋለሁ፤ ሲያነቡላት አይዝለሉ።

ሙርዲና፣ እንዲህ ነበር። የጸሎቱን ነገር ስናገር ሁለተኛው መርማሪ፣ ያ ቀጭኑ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን እንደዋጠ አየሁት። ማዳም ላፍራምቦዝ ግን አልሳቁም። ወደ አጎቴ ዞረው «ሚስተር ማክፌል፣ ይህን ጸሎት እዚህ ሊያደርሱልን ይችላሉ? ጊዜውን እንለካለን» አሏቸው።

አጎቴ ተነሡ። ጠረጴዛው ላይ ካርታና የመጫወቻ ቁራጮች ተደርድረዋል። «እመቤቴ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አላደርሰውም» አሉ።

«ለምን?»

«ጸሎቱ የማዕድ ነው። እዚህ ማዕድ አላይም።»

«የልጅዎ ስም እኮ ነው የተያዘው።»

«ስሟን ለማዳን ስል እሷን የገሠጽኩበትን ነገር ራሴ አላደርግም።»

አጎቴ፣ ያን ጊዜ አበቃ አልኩ። ማዳም ላፍራምቦዝ ካርታውን በሁለት እጃቸው ጠርገው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ኮሪደሩ «ከታች ቤግል አምጡልን፣ ትኩሱን» ብለው ተጣሩ።

ያ የቀለበት ቅርጽ ያለው ዳቦ በወረቀት ከረጢት መጣ፤ ገና ይተናል። ሁለት ወንበር ጀርባና ጀርባ አድርገው አስቀመጡን፤ ለእያንዳንዳችን በሳህን ሰጡን። ቀጭኑ መርማሪ ሰዓቱን ያዘ። አጎቴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ አላየኋቸውም፣ ግን አውቃለሁ። ስጨርስ ዳቦዬን አነሣሁ። ከኋላዬ ሳህን ሲንኳኳ በዚያው ቅጽበት ሰማሁ።

«ድገሙት» አሉ ማዳም ላፍራምቦዝ። ደገምነው። አሁንም አንድ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ በመካከል ላይ ሆን ብለው ወንበር ጣሉ፤ እኔ ደነገጥኩ፣ ጸሎቱ ግን አልደነገጠም። ዳቦዎቹ አብረው ተነሡ። ከዚያ ሰዓቱን ከበጋው መዝገቤ ጋር አስተያዩት። ቀጭኑ መርማሪ ቀና ብሎ «ይህ እኮ ማንም ተለማምዶ የሚያደርገው ነው» አለ።

አጎቴ ሳይዞሩ «ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው፤ ተለማምደነዋል። እኔ ሰባ ዓመት» አሉት።

ማዳም ላፍራምቦዝ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

እርስዎ ከወጡ በኋላ የተባለው ይህ ነው። ቀጭኑ «ማሽን ሊቀዳው ይችላል» አለ። ማዳም ላፍራምቦዝ «ማሽኑ እንዲህ ያለ አጎት ከየት ያመጣል?» ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ስሜ ነጽቷል። በጽሑፍ ሰጥተውኛል፤ ቅጂውን አያይዤዋለሁ።

ማዳም ላፍራምቦዝ፣ ጽሑፉ እስኪታተም ስንጠብቅ ሳለ በስኳር ከረጢቶች አስይዘው በካርታ የረቱዎትን ዙር እስካሁን ያነሡታል። «ያ ሰው በመጨረሻው ካርታ ላይ ያስያዝኩትን ያህል አስይዞ ለምን እንደተከተለኝ ምክንያቱን ሳይነግረኝ ባቡር ተሳፈረ» ይላሉ።

አሁን የዘገየውን ዜና ልጻፍ። ፍጻሜውን ያለ ጸሎቱ ተጫወትኩ። ልቤ ባዶ ሆኖ አንዳንዴ ተቻኮልኩ፣ አንዳንዴ ቆየሁ፤ ሰው ሁሉ አየው። የቀሩት ሁለት ተጫዋቾች ዓይን እላዬ ላይ ተተክሎ፣ ማሽን በሌለበት፣ የያዝኩት የልብ አስ ብቻ ሆኖ አስያዝኩ። እርስዎ ያሰሉት ዓይነት ነው፣ «አንዳንዴ»ው ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ዓይኔን አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ተከተለችኝ፣ ያዘችኝ። ሦስተኛ ወጣሁ። አጎቴ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። ጨዋታው የሚሄደው ወደዚህ ነው፤ ወደ ዓይን። ጉርቪር እንኳ ጋሪውን ሊጠግን ተነሥቷል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ማዳም ላፍራምቦዝ የሰውን አመል ከማሽን ለመለየት አብሬያቸው እንድሠራ ጠይቀውኛል፤ ምን ይላሉ? ሌላው፤ በጸሎቱ ምትክ በልቤ ምን ልበል?

ልጅዎ
ኤፊ


ባዴክ
ዲሴምበር 8 ቀን 2024

ይድረስ ለኤፊ ማክፌል፤

ለሙርዲና ሳልዘልል አነበብኩላት። ወንበር የተጣለበት ቦታ ላይ ስደርስ እንደገና አስነበበችኝ። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በዚያው ሽማግሌዎች በቆሙበት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «የወንድሜ ልጅ ፖከር ትጫወታለች፤ አታጭበረብርም» አልኳቸው። ቄሱ «ስንተኛ ወጣች?» አሉኝ። በሌላ ቀን እንወያይበታለን።

ስለ ሥራው ምን እላለሁ ብለሻል። ምክንያትሽን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ከዚያ የእኔን እናገራለሁ። ስትጽፊ ስለዚያ ስለ ሰከረው ሰው ጨምሪበት፤ ግማሽ ማርክ ይቀርሻል።

ስለ መጨረሻው ካርታ ለማዳም ላፍራምቦዝ ንገሪልኝ፤ የተከተልኳቸው ያስያዙት ትንሽ ስለነበረ ነው። ብርቱ እጅ ያለው ሰው እንዲህ አያንስም ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳሰላው ማነሱ ራሱ ማጥመጃ ነበር። ምክንያቴ ስሕተት ነው፤ ምክንያት ግን ነበረኝ። ቆሜ አላይም። መልስ ግጥሚያ ቢፈልጉ ስኳራቸውን ይዘው ይምጡ።

በጸሎቱ ምትክ በልብሽ ምን እንደምትዪ ጠይቀሻል። ምክንያትሽን በይ። ለምን እንደምታስይዢ፣ ለምን እንደምትተዪ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልብሽ በይውና ከዚያ እጅሽን አንሺ። ምክንያት አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም ነው፤ ዳግመኛ ማሽን የሚልሽ አይኖርም።

ጸሎቱ ግን በቦታው ነው። ለአዲስ ዓመት እንጠብቅሻለን። አክስትሽ የአጃ ቂጣውን እየጋገረች ነው፤ ሙርዲና የካፖርቴን ቁልፎች ልታስይዝ ይዛ ትመጣለች። ሳህንሽን ከእኔ ትይዩ አስቀምጫለሁ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ስጨርስ ማንኪያዬን አነሣለሁ፤ የአንቺም ማንኪያ አብሮ ሲነሣ እሰማለሁ።

አጎትሽ
ቶርኩል ማክፌል